የአባትሽን ደም አምጪ

አባዬ ፈሪ ነበር። ይህን የምለው ላሳንሰው አይደለም፤ ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው ነገር ነው። የቀበሌ ስብሰባ ላይ «እጅ አውጡ» ሲባል ለምን እንደሆነ ሳይሰማ ቀድሞ ያወጣል። መፈክር ሲባል አጠገቡ የቆመው ሰው ድምፁን ዝቅ ካደረገ እሱን ያልበዋል። አብዮት ጥበቃዎች በበራችን ካለፉ ሬዲዮኑን ያጠፋል፤ ወዲያው ደግሞ «ለምን አጠፋ ይሉኛል» ብሎ መልሶ ይከፍተዋል። ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አለፍ ብሎ ባለ አንድ የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበር። በዐሥራ አምስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አርፍዶ አያውቅም። ሰው ትጋት ነው ይላል፤ እኔ ግን ፍርሃት መሆኑን አውቃለሁ። እማዬ ታሾፍበት ነበር። «ገሰሰ ጥላውን ሲያይ ‘ጓድ’ ብሎ እጅ ይነሳል» ትላለች። እሱም ይስቃል፤ ስቆ ሲያበቃ ተነሥቶ መስኮቱን ይዘጋል።

ፍርሃቱ ግን ከመሬት የመጣ አልነበረም። ምክንያቱ እኔ ነበርኩ።

እኔ የገሰሰ ልጅ አይደለሁም። እማዬ የምላት ሣባም አክስቴ ናት፤ የእናቴ ታላቅ እህት። የወለደኝ አባት ዑቕባይ የሚባል የሽሬ አስተማሪ ነበር። እናቴ በተስቦ ስትሞትበት፣ የአምስት ዓመት ልጅ ማሳደግ አቃተውና እስከ አሰላ ድረስ አምጥቶ ለአክስቴ ሰጠኝ። ገሰሰ ያን ጊዜ የሚሠራው አሰላ ነበር። በዓመቱ ወደ አዲስ አበባ ተዛውረን ቦሌ ገባን፤ ትምህርት ቤት ሲያስመዘግበኝም «ሃረገወይን ገሰሰ» ብሎ አጻፈኝ። ያሳደገ ሰው ስሙን ይሰጣል፤ እንግዳ ነገር አልነበረም። ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ ዑቕባይ ጠመኔውን ጥሎ ጫካ ገባ። ሁለት ሦስት ዓመት ሳይቆይ ከሸማቂዎቹ አዛዦች አንዱ ሆኗል የሚል ወሬ ሰማን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ተራ ነገር ወንጀል ሆነ። የወንበዴ ልጅ በሐሰት ስም ደብቆ የተገኘ ሰው ምን እንደሚደረግ በ1970 ዓ.ም. በየመንገዱ ዳር አይተናል። ቤታችን ውስጥ ትግርኛ መናገር ቀረ። እማዬ በጣም ስትደነግጥ ብቻ «ጓለይ» ትለኛለች፤ ልጄ ማለቷ ነው፤ ወዲያው አፏን በእጇ ትይዛለች።

አባዬ አንድ ቀን እንኳ «ባንቺ ምክንያት» ብሎኝ አያውቅም። አንዳንዴ ቢለኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

እኔ እንግዲህ ሯጭ ነበርኩ። ስሜን ብትፈልጉ አታገኙትም፤ የአንድ ፋብሪካ ክለብ የሦስት ሺህ ሜትር ሯጭ ነበርኩ፤ ብዙ ጊዜ አራተኛ፣ ሲቀናኝ ሁለተኛ የምወጣ። ጠዋት ጠዋት ከቦሌ ተነሥተን የገርጂን ማሳ አቋርጠን ወደ ኮተቤ እንወጣለን፤ ከዚያ እስከ ላምበረት፣ ከላምበረት ወደ የካ ተራራ። አሠልጣኛችን አጭር፣ ቁጡ፣ ፊሽካውን ከአንገቱ የማያወልቅ ሰውዬ ነበር። ስሮጥ ብቻ አልፈራም ነበር ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ውሸት ነው። ስሮጥም እፈራ ነበር። ከኋላዬ ላንድሮቨር በመጣ ቁጥር እግሬ ይፈጥናል፤ አሠልጣኙ ደግሞ «ጎበዝ! እንደሱ!» ይላል።

በ1975 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ ከወዳጅ የሶሻሊስት አገር አንድ ዶክተር መጣ። ረጅም፣ ጸጉሩ ከግንባሩ የሸሸ፣ ትሑት ሰው ነው፤ ለጽዳት ሠራተኛዋ ሳይቀር ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ይሰጣል። ጥያቄው አንድ ነበር፦ ኢትዮጵያውያን እንዲህ የሚሮጡት ለምንድነው? ክለቡ አዳራሽ ውስጥ ሰብስበውን በአስተርጓሚ ሲያስረዳን፣ ነገሩ በዘር የሚወረስ ይመስለኛል አለ። ከአያት ቅድመ አያት የወረደ አንድ ነገር በደማችሁ ውስጥ አለ፤ እሱን ልፈልግ ነው የመጣሁት አለ።

አሠልጣኛችን ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«ይቅርታ ጓድ ዶክተር፤ በደማቸው ውስጥ ያለው ሽሮ ነው» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። «እኔ ዐሥራ ሁለት ዓመት አሠልጥኛለሁ። የማንንም ልጅ አምጡልኝ፤ እዚህ ከፍታ ላይ ተወልዶ፣ በቀን ሁለት ጊዜ የላምበረትን ዳገት ከወጣና ከተራበ ይሮጣል። ካልተራበ የንጉሥ ዘርም ቢሆን አይሮጥም።»

ዶክተሩ ፈገግ አለ። «ዳገት የሚወጣ ብዙ ነው፤ ሁሉም ግን አይሮጥም» አለ በአስተርጓሚው። አሠልጣኙ ሊመልስ አፉን ሲከፍት የክለቡ የፖለቲካ ኃላፊ ጉሮሮውን ጠራረገ። ይህን ሰው ሁላችንም ካድሬው ነው የምንለው፤ ስሙን የሚደፍር አልነበረም። «ጥናቱ የመንግሥት ፈቃድ ያለው ነው፤ ሁሉም በፈቃደኝነት ይሳተፋል» አለ። በዚያ ዘመን በፈቃደኝነት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። አሠልጣኙ ተቀመጠ።

ከዚያ ቅጽ ታደለን። የራስ ስም፣ የአባት፣ የአያት፣ እያለ እስከ ሰባት ቤት ይወጣል፤ ለእያንዳንዱ የትውልድ ቦታ፤ በመጨረሻም «ከቤተሰቡ በሩጫ የታወቀ አለ ወይ?» የሚል።

ያን ሳምንት የሆነውን ዶክተሩ ቢያውቅ ኖሮ ሻንጣውን ይዞ በመጣበት አውሮፕላን ይመለስ ነበር። አንዱ ጓደኛችን የእንጀራ አባቱን ዘር ጻፈ፤ የወለደውን አያውቀውም። አንዷ ያሳደጓትን የክርስትና እናቷን ባል ቆጠረች። አንዱ ከአራተኛው በላይ ጠፍቶበት የተቀሩትን ሦስቱን ከጎኑ ከተቀመጠው ቀዳ። አባት ማለት ለኛ ያሳደገ ነው፤ ዶክተሩ የሚፈልገው የወለደውን መሆኑን አስተርጓሚውም የነገረን አይመስለኝም። ዛሬ ሰዎች ስለ ሯጮች ዘር በየመድረኩ ሲከራከሩ ስሰማ፣ የዚያ ሰውዬ ሠንጠረዥ የት መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ ይሆን እላለሁ።

እኔ ቅጹን ሦስት ስም ጽፌ «አላውቅም» ብዬ ልመልሰው አስቤ ነበር። ስሕተቱ ቤት ይዤው መግባቴ ነው።

አባዬ በዓለም ላይ የማይፈራው አንድ ነገር ቢኖር ዘር መቁጠር ነበር። ቅጹን ሲያይ መነጽሩን አደረገ፤ ጀርባውን አቀና፤ ድምፁ ሳይቀር ተለወጠ። ሰባቱን ቤት አንድም ሳያደናቅፈው አስጻፈኝ። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ስንደርስ ጠረጴዛውን መታ።

«አያቴን ጻፊያቸው! አባ ቅጣው የእግር መልእክተኛ ነበሩ። የመኳንንቱን ደብዳቤ በተሰነጠቀ ሸምበቆ ጫፍ ይዘው ከአንኮበር ይነሣሉ። ፈረሰኛ ቀድሟቸው አያውቅም። የወንድሜም እግር ከሳቸው የመጣ ነው።»

ወንድሙ ኃይለሚካኤል ነው። ታናሹ፣ እናት አገር ስትጠራ ዘምቶ በ1970 ኦጋዴን ላይ የቀረው። ሬሳው አልመጣም። አላገባም፣ አልወለደም፤ ፎቶግራፉ ሳሎናችን ውስጥ ከእመቤታችን ሥዕል ቀጥሎ ተሰቅሏል። አሰላ እያለን ከጓሮ ካለችው ክፍል ይኖር ነበር፤ እኔን ትከሻው ላይ አድርጎ ገበያ ይወስደኝ እንደነበር ትንሽ ትዝ ይለኛል። አባዬ የሱን ስም ሲጠራ ሁልጊዜ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ያን ቀን ግን ከፍ አደረገው።

«አባዬ፣ እኔ ግን እኮ…» አልኩት።

«አንቺ ግን ምን?»

ፊቱን አየሁት። የምሩን ነበር። ከአባ ቅጣው እግር የወጣሁ መሆኔን አምኖ፣ እኔ ማን መሆኔን ለአንድ አፍታ ረስቶታል። እንዲያ ያለ ደስታ ፊቱ ላይ አይቼ ስለማላውቅ ማበላሸት አልቻልኩም። ጻፍኩት። እማዬ ከጓዳ በር ላይ ቆማ ታየን ነበር፤ ምንም አላለችም።

በሁለተኛው ሳምንት ዶክተሩ ቅጼን እያውለበለበ ሜዳ ድረስ መጣ። ከአርባ ሯጮች ውስጥ «የሯጭ ዘር» ያላቸው ብሎ የመረጣቸው ስምንት ነበሩ፤ እኔ ደግሞ የመጀመሪያዋ። በሸምበቆ ጫፍ ደብዳቤ ይዞ የሚሮጥ ቅድመ አያት አገኘ! አስተርጓሚው ጨበጠኝና ሳቅ እያለ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ፤ ሐሙስ የአባትሽን ደም አምጪ ብሎሻል፤ የእናትሽንም» አለኝ።

ሩጫውን አቋርጬ ወደ ሜዳው ዳር ወጣሁ። አሠልጣኙ ልምምዱ የከበደኝ መስሎት «ተቀመጪ፣ ውኃ ጠጪ» አለኝ።

አባዬ ስነግረው ቀለሙ ተገፈፈ። «በአፌ ነው ያመጣሁት» አለ። «ይህን ሁሉ ዓመት አፌን ይዤ፣ በአንድ ቀን።» አልሄድም ማለት አይቻልም፤ የቀረ ሰው ለምን ቀረ ይባላል። ሐሙስ ዕለት የሠርግ ኮቱን ለብሶ ከእኔና ከእማዬ ጋር ሄደ። የደም ናሙና የምትቀዳው ሸሪፋ ናት፤ ገርጂ መንገድ ላይ አባቷ ሱቅ ያላቸው፣ ከኔ ጋር የምትግባባ የላቦራቶሪ ሠራተኛ። እጅጌውን ስትሰበስብለት ወደሷ ጠጋ ብሎ፣

«የኔ ልጅ፣ ደም ምን ምን ይናገራል?» አላት።

«ኧረ ብዙ አይናገርም አባባ፤ ዓይነቱን ብቻ ነው» አለችው እየሳቀች።

እሱ ግን አልሳቀም። መርፌው ሲገባ ክንዱን ሳይሆን የሸሪፋን ፊት ነበር የሚያየው፤ የዑቕባይ ስም እዚያ ብልቃጥ ውስጥ ተጽፎ የምታነበው ይመስል።

ሰኞ ከቀትር በኋላ ሸሪፋ ነጭ ጋወኗን እንኳ ሳታወልቅ ሜዳ ድረስ መጣች። ጫማዬን የማስር መስዬ አጎነበስኩ፤ እሷም ጎኔ ቁጢጥ አለች።

«ሃረግ፣ ያባትሽ ደም ኤቢ ነው፤ ያንቺ ኦ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ኤቢ የሆነ አባት ኦ ልጅ አይወልድም። አይሆንም። ዶክተሩ ራሱ ሁለት ጊዜ መረመረው። እናትሽ ኦ ናት፤ በሷ በኩል ችግር የለም። እሱ ግን አባትሽ ሊሆን አይችልም።» ዙሪያዋን አየች። «ካድሬው ወረቀቱን ወስዶታል። ብልቃጡን ልሰብረው አስቤ ነበር፤ መልሶ ይቀዳል ብዬ ተውኩት። እኔ አልነገርኩሽም፤ ወላሂ ልጅ አለኝ፣ እኔ ምንም አልነገርኩሽም።»

ተነሥታ ሄደች። እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላስታውስም። የማስታውሰው በሩን ከኋላዬ ዘግቼ ስነግራቸው እማዬ «ጓለይ» ማለቷን፣ በዚህ ጊዜም አፏን አለመያዟን ነው።

ልንሸሽ? በላምበረት በኩል መኪና አለ፤ ግን የይለፍ ወረቀት የሌለው ሰው ኬላውን አያልፍም። ዘመድ ጋ? ማንን ይዘን እንጥፋ? እማዬ ሳጥኗን ከፈተች። ከሥሩ፣ በጨርቅ የተጠቀለለች አንዲት ፎቶግራፍ ነበረች፤ የወለዱኝ ሁለቱ፣ እናቴና ዑቕባይ፣ ሽሬ ላይ የተነሡት። ሌላ የለኝም። ከሰል ላይ ስታደርጋት ከእናቴ በኩል ነው የተቃጠለችው። የአባቴ ፊት ትንሽ ቆየ። ጠቆር ያለ፣ ግንባሩ ሰፊ ሰው ነበር። በሩጫ ይታወቅ እንደሆን እንኳ አላውቅም፤ የሚጠየቅ ሰውም የለኝም። አለቀስኩ፤ ድምፄ እንዳይሰማ እጅጌዬን ነክሼ።

አባዬ ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። «እውነቱን ብናገር ይሻላል» ይላል። «ሕፃን ናት፣ አዝኜ ነው ያሳደግኳት፣ አባቷን አላውቀውም እላለሁ። ይምሩኛል። ሣባ፣ አይምሩኝም?»

«ገሰሰ፣ ከተናገርክ ሦስታችንንም ነው» አለችው እማዬ።

«ዝም ካልኩስ?»

እማዬ ከሰሉን በአመድ አለበሰችው። ያን ምሽት ምን እንደምንል አልተስማማንም።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጠመንጃ ያዘለ የአብዮት ጥበቃ መጣና ሦስታችንንም ወደ ክለቡ ጽሕፈት ቤት ወሰደን። መኪና አልነበረውም፤ በእግራችን ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ከየአጥሩ ሥር ሲያየን። ቢሮው ውስጥ ካድሬው ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል፤ ጎኑ ዶክተሩና አስተርጓሚው፤ ጥግ ላይ አሠልጣኙ ፊሽካውን በጣቱ እያሽከረከረ። ዶክተሩ እኛን ሲያይ እንደ ልማዱ ከወገቡ ጎንበስ አለ። ምን እየተካሄደ እንደሆነ የገባው አይመስለኝም፤ ለሱ አንድ ያልገጠመ ቁጥር ነበር።

ካድሬው ወረቀቱን አገላበጠ። «ጓድ ገሰሰ፣ ይቺ ልጅ የማን ናት?»

«የኔ ናት ጓድ።»

«ሳይንስ ‘አይደለችም’ ይላል። ሳይንስ ይዋሻል?»

«አይዋሽም ጓድ።» አባዬ እጁን ሊያወጣ ነበር፤ በግማሽ መለሰው።

«የአብዮቱ ጠላቶች ልጆቻቸውን በሐሰት ስም በየቤቱ ሲያስቀምጡ አይተናል። እኛ ሞኝ አይደለንም።» ወደ እማዬ ዞረ። «ወይዘሮ ሣባ፣ የትውልድ ቦታዎ ሽሬ ነው። እዚያ እህት ነበረችዎት?»

አለቀልን። ልክ ያንን ክር ይዞ ከሳበው ሁሉም ይወጣል። አባዬን ሳየው ከንፈሩ እየተከፈተ ነው፤ ላቡ በአገጩ ይወርዳል። «ጓድ፣ እውነቱን…» አለ።

«ከሌላ ሰው ነው የወለድኳት» አለች እማዬ።

ሁሉም ወደሷ ዞሩ። ነጠላዋን አጥብቃ ይዛ ቀጥ ብላ ቆማለች። በሕይወቷ ከባሏ ሌላ ወንድ ቀና ብላ አይታ የማታውቅ፣ ሥጋ ወደሙ የምትቀበል ሴት ናት። «ባለትዳር ሆኜ በደልኩ። ልጅቱ የኔ ናት፤ የሱ አይደለችም። ይኸው ነው ሳይንሱ» አለች።

በሩ ላይ የቆመው ጠመንጃ ያዥ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ፤ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ካድሬው ግን አልሳቀም። እስኪርቢቶውን አነሣ።

«ከማን?»

እማዬ አፏ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልወጣም። ይህን አላሰበችውም ነበር። ማንን ትጥራ? በሕይወት ያለ ሰው ከጠራች ያመጡታል፤ እስከ ቀትር ክዶ ይጨርሳል፤ ወይም ንጹሕ ሰው አብሮን ይገባል። የሌለ ስም ከጠራች ደግሞ ያጣራሉ። ካድሬው እስኪርቢቶውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ ማንኳኳት ጀመረ።

«ስም» አለ።

«ከወንድሜ ነው።»

የአባዬን ድምፅ አላወቅሁትም። አልተንቀጠቀጠም። «ከኃይለሚካኤል። አሰላ ሳለን ከጓሯችን ይኖር ነበር። አውቄ ነው ያሳደግኳት። ኦጋዴን ላይ ሞቷል፤ ልትጠይቀው አትችልም። ኃይለሚካኤል ነው ስሙ፤ ጻፈው!»

ካድሬውን አንተ አለው። በሕይወቱ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

አሠልጣኙ ፊሽካውን ማሽከርከር አቆመ። ካድሬው አባዬን እያየ ቆየ፤ በመጨረሻ እሱ ነው ዓይኑን የሰበረው። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ ምናልባት ሰው ስለ ሚስቱና ስለ ሞተ ወንድሙ እንዲህ ብሎ ይዋሻል ብሎ ማሰብ አልቻለም። እህት ነበረችዎት ወይ የሚለውን ጥያቄ ረሳው። ጻፈ።

አስተርጓሚው ጆሮው ላይ ሲያንሾካሹክ ዶክተሩ ቀላ። ከዚያ ያን ትልቅ ሠንጠረዥ ዘረጋ፤ ከገሰሰ ወደ እኔ የሚወርደውን መስመር በላጲስ አጠፋ፤ ከኃይለሚካኤል ወደ እኔ አዲስ መስመር በማስመሪያ አሰመረ። ደስ ብሎት ነበር። «ለጥናቱ ምንም ችግር የለም ይላል» አለ አስተርጓሚው አንገቱን ደፍቶ። «ከአያት በላይ ያለው ያው ነው።»

ለቀቁን። አስፋልቱን ሳንሻገር አባዬ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እማዬ ፊቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት። «ኃይሌ፣ ይቅር በለኝ፤ ኃይሌ፣ ይቅር በለኝ» ይላል፤ ሌላ ቃል አልነበረውም። ቤት ስንገባ ፎቶግራፉን ከግድግዳ አወረደው፤ ዓይን ለዓይን ማየት አልቻለም።

ወሬው ከኛ ቀድሞ ሰፈር ደርሷል። እማዬ ቦኖ ውኃ ላይ ስትቀርብ ሴቶቹ ጨዋታቸውን ያቋርጣሉ። እድር ላይ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ። ለንስሐ አባቷ እንኳ እውነቱን መንገር ፈራች፤ ያልሠራችውን ኃጢአት ተናዝዛ ቀኖና ተቀበለች፤ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ በቀን መቶ ስግደት። አባዬን መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚስቱን ነውር ተሸክሞ የሚኖር በሬ ነው ብለው፣ ከኋላው የበሬ ድምፅ እያወጡ ይስቁበታል። እሱም ስብሰባ ላይ እንደ ድሮው እጁን ቀድሞ ያወጣል፤ ሬዲዮኑን ያጠፋል፣ ይከፍታል። ደፋር አልሆነም። እኔ ሩጫውን ቀጠልኩ፤ ብተው ለምን ተወች ይሉኛል ብዬ ነው። ዶክተሩ በገና ሰሞን ሲሄድ በመዳፉ ጉልበቴን መታ መታ አድርጎ ተሰናበተኝ።

የካቲት መጣ፤ የኃይለሚካኤል ሙት ዓመት። በየዓመቱ የሚዘክረው እህታቸው አዝመራ ቤት ነው፤ ኮተቤ፣ ከላምበረት ከፍ ብሎ። ታላቃቸው ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ያልወለደች፣ ሳትታጠብ የማትጸልይ ጠንካራ ሴት። ኃይለሚካኤልን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። እኔን ያወቀችኝ አዲስ አበባ ከገባን ወዲህ ነው፤ አሰላ የተወለድኩ የእማዬ ልጅ እመስላታለሁ። ከኅዳር ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ቤታችን አልመጣችም፤ መስማቷን አውቀናል። አባዬ «ካልሄድኩ እሱንም ሞተ ብዬ ረሳሁት ማለት ነው» አለ። ሦስታችንም ሄድን። መንገዱን በሙሉ ስድቡን እንዴት እንደምንችለው ነበር የማስበው። ትፋብን፣ ታባርረን፤ ይገባናል እያልኩ።

አዝመራ በር ላይ ቆማለች፤ ጥቁር ለብሳ። ከኋላዋ ቤቱ በሰው ሞልቷል። ለአባዬ ሰላምታ አልሰጠችም። እማዬን እንዳላየች አለፈቻት። ቀጥታ ወደ እኔ መጥታ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። እጇ ሻካራ ነበር። ግንባሬን፣ ቅንድቤን፣ አገጬን በጣቷ ዳሰሰች። ቁልቁል እግሬን አየች።

«እግሯን አያችሁ?» አለች ድምፅዋ ተሰብሮ። «የሱ እግር እኮ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት እያየሁ እንዴት ሳላውቀው!» አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። «ምንም ሳያስቀር የሄደ መስሎኝ ነበር። ወንድሜ ልጅ አለው! ወንድሜ ዘር አስቀርቷል!»

አባዬን በትከሻዋ አሻግሬ አየሁት። አይሆንም፣ አይደለሁም፣ እሱ ንጹሕ ነው፣ ወንድምሽ በአባዬ ቤት ምንም አልበደለም፣ ልላት ቃሉ ጥርሴ ላይ ደርሷል። ቤት ውስጥ ሠላሳ ሰው አለ፤ ሠላሳው ሁሉ ይሰማል። አባዬ ጭንቅላቱን በትንሹ ነቀነቀ። አትናገሪ።

«ግቢ፣ የኔ እናት» አለችኝ አዝመራ፤ ክንዴን ይዛ እየጎተተችኝ። ወደ ኋላ ዞር ብላ ለሁለቱ፣ «እናንተ እዚያው» አለቻቸው።

ገባሁ። «የኃይለሚካኤል ልጅ ናት» ስትል ቤቱ በሙሉ ተነሥቶ ቆመ፤ ሽማግሌዎቹ ግንባሬን ሳሙኝ። ከሷ ጎን፣ በክብር ቦታ አስቀመጠችኝና በእጇ አጎረሰችኝ። በሩ ክፍት ነበር። አባዬና እማዬ አጥሩ ሥር ፀሐይ ላይ ቆመው ይታዩኛል። ዋጥኩት፤ «እግዚአብሔር ነፍሱን ይማርልን፣ አባቴን» አልኩ።